የበረዶ ላይ አረማመድ ሥልጠና በጋምቤላ

አለቃ ማለት እሱ ሲበርደው ዓለም በሙሉ የበረደው የሚመስለው ፍጡር ነው! አይደለም የምትሉ ካላችሁ፣ የእኔን ጉድ ስሙና ፍረዱ።

የምሠራው የውኃ ፓምፕ በሚሸጥ የውጭ ኩባንያ የጋምቤላ ቅርንጫፍ ውስጥ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ባሕር ማዶ፣ በረዶ በአካፋ በሚዛቅበት አገር ነው። በቅርቡ እዚያ ያሉት አለቆቻችን «እውቀት እንካፈል» የሚል ነገር አመጡ። ደስ አለን። የፓምፕ ጥገና ሊያስተምሩን መስሎን ኮምፒውተሩ ፊት ተኮለኮልን። የሥልጠናው ርዕስ ብቅ ሲል... «በበረዶ ላይ ሳይወድቁ መራመድ»!

ሸሚዜ በላብ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። «ይቅርታ፣ እኛ ዘንድ እኮ በረዶ የለም» አልኳት አሠልጣኟን።

«አያችሁ!» አለች በደስታ። «ልምዱ ስለሌላችሁ ሥልጠናው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእናንተ ነው!»

ምን ትሏታላችሁ? ሠራተኛው በተማረው መሠረት ሲራመድ የሚያሳይ ቪዲዮ ላልላከ ቅርንጫፍ ደግሞ የዘንድሮው ፓምፕ አይላክም ተባለ። የአቦቦ ገበሬዎች ማሳቸው እየደረቀ «ፓምፑ የት ደረሰ?» እያሉ በየቀኑ ይደውሉልናል። ምን ምርጫ አለን!

ጓሮ ወጣን። ደጋ ስሄድ የምለብሰውን ወፍራም ካፖርት እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። የመጋዘን ኃላፊያችን ኦባንግ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። ጉልበት ሰበር፣ ክንድ ዘርጋ፣ እግር ወደ ውጭ... ቁርጥ ዳክዬ!

«ፊትህ ላይ ብርድ የለም» አለኝ ኦባንግ። «ተንቀጥቀጥ እንጂ!»

ተንቀጠቀጥኩ። ይሄኔ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በአጥር አሻግረው አዩኝ። እስቲ አስቡት... በዚያ ሐሩር ካፖርት ለብሶ፣ ክንዱን ዘርግቶ የሚንቀጠቀጥ ሰው!

«ኧረ በማርያም! ልጁን ፀሐይ መታው!» ብለው ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዘው እየሮጡ መጡ።

«እትዬ፣ ሥልጠና ላይ ነኝ!»

«አይዞህ ልጄ፣ መጀመሪያ ያስለፈልፋል!»

ቸለሱብኝ። የጓሮው ሊሾ ሲረጥብ እግሮቼ ተንሸራተው ተለያዩ፤ አንዱ ወደ ማታር፣ አንዱ ወደ ጎግ! በጀርባዬ ተዘረርኩ።

ኦባንግ አነሳኝ? ኧረ ወዲያ! ሳቁ ጋብ ሲልለት ቪዲዮውን ላከው። «ሌላ እንቅረጽ» ስለው፣ «ካፖርትህ እስኪደርቅ የገበሬው ማሳ አብሮ ይደርቃል» አለኝ።

በማግስቱ መልስ መጣ። ዋናው መሥሪያ ቤት በጣም ተደስቷል! ፓምፖቹ ተላኩ፤ አቦቦም እፎይ አለች። የእኔ ቪዲዮ ደግሞ «እንዲህ አትራመዱ» የሚል አዲስ ሥልጠና ሆኖ በዓለም ላይ ላሉት ቅርንጫፎች ሁሉ ተሰራጨ። ለእኛም ጭምር! ከነፈተናው!

«ይህ ሰው ምን አጥፍቶ ወደቀ?» ይላል ጥያቄው። እኔም እውነቱን ጻፍኩ፤ «እሱ ምንም አላጠፋም፤ ጎረቤቱ ናቸው ውኃ የደፉበት።»

ኦባንግ ፈተናውን አለፈ። እኔ... አሁንም ወደቅሁ!