ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጫጩቶችና አንድ አልከፈት ያለ በር

ትናንት በቀትር፣ ወይዘሮ አስካለማርያም የቢሮ ጠረጴዛዋ ላይ ክንዷን ተንተርሳ ሕልም አየች። የሕልሙን ጉድ ለማውራት ግን አስቀድሞ የጠዋቱን ጉድ ማውራት ግድ ይላል።

አስካለ በአንዲት የቆላ ከተማ ባለ ኮሌጅ የሬጅስትራር ሠራተኛ ናት። በዚያ ዕለት የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎችን ስም እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ለፈተና ማዕከሉ በኢንተርኔት መላክ ነበረባት። ስሙ ያልተላከ ተማሪ የመውጫ ፈተና አይቀመጥም፤ ፈተናውን ያልተቀመጠ ደግሞ አይመረቅም። የመላኪያው ሶፍትዌር ግን ጠባዩ ክፉ ነው። የብሮውዘሩ ጥበቃ ጠበቅ ሲል “አልከፈትም” ይላል። ጥበቃው ላላ ሲል ይከፈታል፤ ነገር ግን እሱን ተከትሎ የጫማ ማስታወቂያው፣ የሎተሪው፣ ስሙ የማይታወቀው ቫይረስ ሁሉ ተግተልትሎ ይገባል። ባለፈው ሳምንት ለሩብ ሰዓት ብታላላው ሁለት ኮምፒውተር ታመመባት።

“ጥበቃውን እንዳትነኪው!” አላት የአይቲ ባለሙያው ምንይችል፣ ጠዋት ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

“ታዲያ ሶፍትዌሩ በምን ይከፈት?”

“እሱን የሠሩትን ጠይቂያቸው።”

ደወለች። “የእኛ ሶፍትዌር ጤነኛ ነው፤ ጥበቃውን ያውርዱት” ብለው ዘጉባት። እስከ ምሳ ሰዓት ስታጠብቅ ስታላላ፣ ስታላላ ስታጠብቅ ቆየች። በመጨረሻ ራሷ ዞረና ደፋ አለች።

ወዲያው አንዲት ኮረብታ ላይ የተሠራች ከተማ መሐል ቆማ ራሷን አገኘችው። በእጇ ትልቅ ቅርጫት ይዛለች፤ ቅርጫቱ ውስጥ ጫጩቶች ይንጫጫሉ። ጆሮዋን ብታስጠጋ እያንዳንዱ ጫጩት የሚጮኸው የራሱን ስም ነው። “ደምለው! ደምለው!” ይላል አንዱ። “ትብለጽ! ትብለጽ!” ትላለች ሌላዋ። የአስካለ ልብ ዘለለ። ተማሪዎቿ ናቸው! አንድም ሳይጎድል ሦስት መቶ አሥራ ሁለት! ቀና ስትል ኮረብታው ጫፍ ላይ ማዕከሉ ታያት፤ ነጭ ቤት፣ አንዲት ጠባብ በር። ፀሐይዋ ደግሞ በምዕራብ ወጥታ ወደ ምሥራቅ ትገሰግሳለች። አስካለ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሽቅብ ሮጠች።

ያች ከተማ ሥርዓቷ የተገለበጠ ነበር። የቤት ባለቤቶች መታወቂያቸውን ይዘው በገዛ ደጃቸው ተሰልፈዋል። ሌቦቹ በመስኮት ብቅ እያሉ “የማን ቤት ነው ያልከው? ማስረጃ አለህ?” ብለው ያፋጥጧቸዋል። ውሾች ሰው በሰንሰለት አስረው ደጅ ያስጠብቃሉ። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ አስካለን ሲያያት “ሃው!” አለ፤ ከዚያ አፍሮ “ይቅርታ እህቴ፣ ሥራ ሆኖብኝ ነው” አላት። ኪስ አውላቂዎቹ ደግሞ ኪስ ይሞላሉ። አሥር እርምጃ ሳትራመድ ኪሷ በሰው የእጅ ሰዓት፣ በሰው ቁልፍ፣ በሰው የፍቅር ደብዳቤ ታጭቆ ተወጠረ።

የኮረብታው ወገብ ላይ ኬላ አለ። ኬላውን የምትጠብቀው ካፖርት የደረበች ፍየል ናት።

“ቁሚ!” አለች ፍየሏ። “ይህችን ሴት ታምኛታለሽ?”

“የቷን ሴት?”

“አንቺን።”

“እኔ ራሴ ነኝ እኮ!”

“ለዚያ ነው የምጠይቅሽ። ብዙ ሰው የሚታለለው በራሱ ነው።”

“አምናታለሁ!”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“እርግጠኛ ነኝ!”

“እርግጠኛ ለመሆንሽ እርግጠኛ ነሽ?”

“ኧረ በሞትኩት! ቀኑ ሄደብኝ እኮ!” አለች አስካለ፤ መታወቂያዋን ከቦርሳዋ አውጥታም ሰጠቻት። ፍየሏ ፊትና ጀርባውን አገላብጣ አነበበችው። ከዚያ በላችው። አኝካ ስትጨርስ ጢሟን ጠረገችና “ጥሩ፣ ተመዝግቧል” አለች። “አሁን መታወቂያ አሳዪኝ።”

አስካለ ልትጮህ አፏን ስትከፍት፣ ከፍየሏ ኋላ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል መዘውር አየች። ዙሪያው ላይ “ዝቅተኛ”፣ “መካከለኛ”፣ “ከፍተኛ” የሚል ተጽፎበታል። የጠዋቱ ንዴቷ መጣባት። ቅርጫቷን በብብቷ አቅፋ መዘውሩን ያዘችና ባላት ጉልበት ወደ “ዝቅተኛ” አሽከረከረችው።

የከተማው በር ሁሉ በአንድ ጊዜ ብርግድ! ኬላው ተነሣ። አስካለ በደስታ እልል አለች፤ ግን እልልታዋን ሳትጨርስ ከቁልቁለቱ አገር ምድሩ ተነቅሎ መጣ። አንድ ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰውዬ “እንኳን ደስ አለዎት! ሚሊዮንኛዋ እንግዳ ነዎት!” እያለ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። አንድ ጫማ ሻጭ ጫማዋን አውልቆ አዲስ ሊያስለካት እግሯን አነሣባት። ከሁሉም ኋላ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሦስት ሸለመጥማጦች ኮታቸውን አስተካክለው ቀረቡ።

“እንደምን ዋሉ? ከጫጩት ደህንነት ክፍል ነን” አለ ትልቁ ሸለመጥማጥ። “ቅርጫትዎ ለአደጋ ተጋልጧል። ለጊዜው እኛ ጋ ይቀመጥልዎ።”

እሱ ይህን ሲል ሌላው ሸለመጥማጥ እጁን ሰዶ ደምለውን በጓንቱ ሸጎጠው። “ደምለው! ደምለው!” ሲል ድምፁን ሰማችው። አስካለ በጫማ ሻጩ ጫማ የሸለመጥማጡን እጅ አለችው! ደምለውን ነጥቃ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተች፤ ተመልሳ መዘውሩ ላይ ወደቀችና ወደ “ከፍተኛ” ገለበጠችው።

ጭጭ።

በሮች ተዘጉ። መስኮቶች ተዘጉ። አበቦች ተከደኑ። ነፋሱ ኬላው ላይ ደርሶ ፈቃድ እስኪሰጠው ተራ ያዘ። ሸለመጥማጦቹ ኮታቸው ውስጥ ተቆለፉ፤ ይህስ እሰየው ነው። ነገር ግን የጫጩቶቹም አፍ ተዘጋ፤ የአስካለም ከንፈር ገጠመ፤ ትንፋሿን የምታስገባበት ቀዳዳ አጣች። እያጣጣረች መዘውሩን ወደ “መካከለኛ” መለሰችው። አሁን ደግሞ በሩ ሁሉ ገርበብ አለ፤ ሰዉ ሁሉ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ቀረ። አንድ ወፍራም ሰውዬ መቃኑ ላይ ተቀርቅሮ ራሱን “ግባ እንጂ!” ይላል፤ ራሱ መልሶ “መጀመሪያ አንተ ውጣ!” ይላል።

“አስካለ! እባክሽ፣ አንዴ!”

ዞር አለች። ምንይችል ነው፣ የአይቲው ምንይችል። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ግንባሩ ላይ ትንሽ በር አለች፤ በሯ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

“የገዛ ጭንቅላቴ አላስገባ አለኝ” አላት። “የይለፍ ቃሌን ረሳሁት። ‘የእናትህን ስም ተናገር’ ይለኛል። የእናቴ ስም እኮ ያለው ውስጥ ነው!”

“እትዬ ብርቅነሽ ናቸው! ለቅሶ ደርሼ የለም እንዴ?”

ቁልፉ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ምንይችል ከበርጩማው ተስፈንጥሮ ተነሣ።

“ስሚኝ! መዘውሩን ተይው፤ እሱ የከተማው ሁሉ ነው። ‘ከፍተኛ’ ላይ ይቀመጥ። ከሥሩ አንዲት ትንሽ መዝገብ አለች፤ የሚታመን ቤት የሚጻፍባት። የምትሄጂበትን ቤት ጻፊ፤ አንዱን ብቻ!”

“ይኼን ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?”

“ጠዋትማ ተቆልፎብኝ!”

አስካለ መዘውሩን ወደ “ከፍተኛ” መልሳ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ከሥሩ ጎንበስ አለች። መዝገቧ የጸሎት መጽሐፍ ታህላለች። የመጀመሪያውን ፊደል ስትጽፍ ፍየሏ ወረቀቱን ልትበላ አንገቷን አሰገገች። አስካለ ከኪሷ የሰው የፍቅር ደብዳቤዎች መዥርጣ አጎረሰቻት። ፍየሏ አኘከች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። “እንዲህ ይዋደዱ ነበር?” ብላ ተንሰቀሰቀች። በዚያ መሐል የማዕከሉ ስም ተጻፈ።

ከተማው ሁሉ እንደተከረቸመ፣ ሸለመጥማጦቹ ኮታቸው ውስጥ እንደታፈኑ፣ የማዕከሉ በር ብቻ ወለል አለ! የጫጩቶቹ አፍ ተከፈተ፤ የአስካለም ትንፋሽ መጣ። ሽቅብ በረረች። በሩ ሥር ደርሳ ቅርጫቱን ብትዘነብለው ጫጩቶቹ እየጮኹ ገቡ። ፍየሏ እያለከለከች ተከትላ ደርሳ መድረኩ ላይ ቆመች፤ ትቆጥራለች። ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ፣ ሦስት መቶ አሥራ አንድ።

“ቁሚ!” አለች ፍየሏ። አንዲት ጫጩት ቀረች።

“ፀዳለ! ፀዳለ!” ትላለች ጫጩቷ።

“የተመዘገበችው በጸሎቱ ጸ ናት። ይህቺ በፀሐዩ ፀ ናት። አትገባም።”

“ስትጮኽ በምን ለየሽው?” አለች አስካለ።

ፍየሏ ከንፈሯን አሾለች። “ጸ…” አለች። “ፀ…” አለች። ጆሮዋን ወደ ራሷ አፍ ልታስጠጋ ሞከረች። “ቆይ፣ ጸ… ፀ…” ከውስጥ ሦስት መቶ አሥራ አንዱ ጫጩቶች በአንድ ድምፅ “ፀዳለ! ፀዳለ!” ብለው ቤቱን አናጉት። ፀሐይዋ የምሥራቁን ተራራ ነካች። ፍየሏ ገና “ፀ… ጸ…” ስትል ፀዳለ በእግሮቿ መሐል ሹልክ ብላ ገባች። አስካለ በደስታ ወደ ሰማይ ዘለለች።

ጉልበቷ ከጠረጴዛው መሳቢያ ጋር ተጋጨ። ነቃች።

ሰዓቱ ሰባት ተኩል አልፏል። ጉልበቷን እንኳ አላሸችም፤ ማውሱን ያዘች። የብሮውዘሩን ሴቲንግ ከፍታ ከላይ እስከ ታች ፈለገች። አለ! “የሚታመኑ ገጾች” የሚል አንድ መስመር፣ ከሁሉም በታች። ጥበቃውን “ከፍተኛ” ላይ እንዳለ ትታ የማዕከሉን አድራሻ ብቻ ጻፈችበት። ሶፍትዌሩ እንደ ጨዋ ልጅ ተከፈተ። የጫማ ማስታወቂያ የለ፣ ሎተሪ የለ።

“ምንይችል! ና! ቶሎ ና!”

ምንይችል ቫይረስ ገባ ብሎ ፊቱ ገርጥቶ ሮጦ ደረሰ። ስክሪኑን አየ፤ እሷን አየ።

“ይኼን ማን አሳየሽ?”

“አንተ ነሃ!”

“እኔ? መቼ?”

“አሁን። ተኝቼ ሳለሁ።”

ስሞቹን እየደጋገሙ አረጋገጡ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን “ላክ” የሚለውን ተጫነችው። “ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ስም በሰዓቱ ደርሷል” የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ። ምንይችል ጨበጨበ፤ አስካለ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ትከሻዋን ሰበቀች።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ጠራ።

“ወይዘሮ አስካለማርያም ነዎት? ከፈተና ማዕከሉ ነው” አለ ጎርናና የወንድ ድምፅ። “ዝርዝርዎ ደርሶናል፣ ተመዝግቧል፤ በሱ አይስጉ። ግን እኛው ልንከፍተው አልቻልንም። የእኛ ኮምፒውተር የእኛን ሶፍትዌር ‘አላምነውም’ አለ። ዛሬ ከኮሌጆች ሁሉ መላክ የቻሉት እርስዎ ብቻ ነዎትና፣ እንዴት እንዳደረጉት ቢያሳዩን?”

“ባለሙያ የላችሁም እንዴ?”

“አለን እንጂ፤ ያውም ጎበዝ። ከጠዋት ጀምሮ ግን ግቢው በር ላይ ቆሟል። አዲሱ የመግቢያ ማሽን ካርዱን ‘አላውቀውም’ አለው። ዘበኛው ደግሞ ማሽኑ ያላወቀውን አላስገባም ብሎ ድርቅ አለ።”

“ማሽኑን የሚያስተካክለውስ?”

“እሱው ራሱ ነው” አለ።

አስካለ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከወንበሯ ተነሣች።

“እንግዲያው ስልኩን ይዘው ወደ በሩ ይውረዱ” አለችው። “ዘበኛውን ያገናኙኝ፤ አንድ የሚታመን ስም አስጽፈዋለሁ።”