ዘሀቢያ ደጄን አልፋ የሄደች ለት

ዘሀቢያ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሽንፋ ላይ ወባ ይዟት ሞታ ነበር ማለት ይቻላል። ክረምት ነው፤ ጎርፉ መንገዱን ቆርጦታል፣ የጤና ጣቢያው ሰው ጎንደር ወጥቶ ቀርቷል። አማቷ ረቢዓ ጭቃውን እየረገጠች ከደጅ ደጅ ዞረች። ከሾፌሩ አንድ ክኒን፣ ከዘበኛው ግማሽ፣ ከጠላ ሻጯ በጨርቅ የተቋጠረ፣ ቀለሙ የለቀቀ ሌላ ክኒን አገኘች። የቱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ልጅቱ ሁሉንም ዋጠችው፤ ዳነች። እኔ እንደሚመስለኝ ያን ጊዜ ደሟ ውስጥ የገባው ክኒኑ ሳይሆን መዋጮው ነው።

በየከተማው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ከሩቅ ሲታይ እግረኛው መንገድ ይቀይራል፤ ነጋዴው ሰዓቱ ገና ቢሆንም ሱቁን ትቶ ለሶላት ይሮጣል። የእኛ የመተማዎቹ ክብርት የመዋጮ ሚኒስትር ዘሀቢያ ናት። ሳሙናና ስኳር የምትሸጥበት ሱቅ አላት ይባላል፤ ስትሸጥ ያያት ግን ጥቂት ነው። ሁልጊዜ መንገድ ላይ ናት። "የአቅምን ነው" ትላለች በትሕትና። ሰውየው እፎይ ሊል ሲል ትጨምርበታለች፦ "አቅምዎን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ።"

ለመስጊዱ ጣሪያ ከክርስቲያኑ፣ ለሚካኤል አጥር ከሙስሊሙ ቆርቆሮ ሰብስባለች። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረደ አንድ ሳሉግ የሚሉት የቀን ሠራተኛ በሞተ ጊዜ፣ አስከሬኑን አገሩ ለማድረስ ከአይሱዙው ባለቤት መኪናውን፣ ከሾፌሩ እንቅልፉን ወስዳለች። እኔም አላመለጥሁም። በሽምግልናዬ ማንበብ ለምጄ፣ ገና በወጉ ሳልኮራበት መጣች። "አያ ፈንቴ፣ ዓይንዎን ያዋጡ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሳሉጎችን የመድኃኒት ወረቀት የማነብላቸው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሰፊ የዱር እንስሳት ማቆያ ሲከፈት ሁላችንም ደነገጥን። እንስሳ ይበላላ! ከኮንትሮባንድ የተያዙት ሚዳቋዎችና ጦጣዎች ሲመጡ የሀብሐብ ልጣጭ መጣል ቀረ። ሰጎኖቹ ሲመጡ ደግሞ ዘሀቢያ የማሽላ ነጋዴው ሳጂድ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። "እምቢ ማለት ትችላለህ። እኔ እንደሆን ጥላው ተመችቶኛል" አለችው። ሳጂድ እስከ ቀትር ቻለ።

ዓምና አንዲት አንበሳ መጣች። ጦርነቱ ከበተነው፣ ከሱዳን በኩል ካለ የአንድ ባለጸጋ ግቢ ተርፋ ነው በአይሱዙ የተጫነችው። ሕዝቡ ሊያያት ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኛ ሽማግሌዎቹ ግን አይተን ፊታችንን አዞርን። በእኛ ጉብዝና፣ ትራክተር ጫካውን ሳይመነጥረው፣ አመሻሽ ላይ ከሽንፋ ወንዝ ማዶ አንበሳ ሲያገሳ የበቅሎው ጆሮ ቀጥ ይላል፣ የሰዉም ወሬ ይቋረጣል። ያ ፍርሃት ራሱ ይናፍቃል። ይቺ ግን የጎድን አጥንቷ አግጥጦ የሚታይ፣ ድምፅ የሌላት ፍጡር ናት።

የማቆያው ኃላፊ ለይኩን ጨዋ ወጣት ነው፤ አልዋሸንም። ከውጭ የተፈቀደው ድጋፍ "በሂደት ላይ" ነው አለን። ይህን ሂደት የሚሉትን ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ፤ ከዚያ የተመለሰ ግን አላየሁም። ድጋፉ እስኪደርስ የምትበላው ከጠፋ፣ በረሃብ ከምትሰቃይ በጥይት ትገላገል ተብሎ ታዟል።

ጊዜውም ክፉ ነበር። ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገብተዋል። ባለ ሥጋ ቤቱ ባህሩ ቢላዋውን ሰቅሎ ምስሩን ይበላል። የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ባለቤት ሙዓዝም ለማፍጠሪያ የምትሆን ትንሽ ቢያርድ ነው። ይባስ ብሎ ክርክር ተነሳ።

"ከሱዳን የመጣች ሙስሊም ናት፤ የሙዓዝን ትብላ" አለ ባህሩ።

"ኬላው ላይ ማን ጠየቃት? ያንተንም ትቀምሳታለች" አለ ሙዓዝ።

"ሐጅ አትሄድ፣ አትቆርብ" አለች ዘሀቢያ። "ርቧታል። ኸላስ፣ በቃ! አንድ ቀን አንተ ታርዳለህ፣ አንድ ቀን አንተ።"

ባህሩ ፈራ። በሁዳዴ ከደጁ ሥጋ ሲወጣ አገር ምን ይለዋል? ዘሀቢያ ወንበር አውጥታ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ተሰየመች። ለአላፊ አግዳሚው ትጮሃለች፦ "ለአንበሳዋ ነው! ባህሩ ጾሙን አልፈታም! ካላመናችሁ አፉን አሽትቱት!" በዚያ ንዳድ ጿሚ እያረደ፣ ጿሚ እየተሸከመ፣ በመተማ ብቻዋን ለማትጾመው ምሳ ይሄድላት ነበር።

የሚታረደውን ዘሀቢያ ከየቤቱ ትለቅማለች፤ ያረጀ በሬ፣ ያነከሰ በግ። ተራው እኛ ሰፈር ደረሰ። ለእኔ የቀረችኝ አንዲት ፍየል ናት። መሬቱም ልጆቹም ከእጄ ሄደዋል። ቢሆንም ንጹሕ ሸማዬን ደርቤ፣ እምቢ የምልበትን ቃል አሰማምሬ ደጄ ላይ ቆምሁ። ዘሀቢያ መጣች።

"እንዴት አደሩ አያ ፈንቴ?" አለችና አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አልዞረችም። ከእኔ ቀጥሎ የመበለቲቱን የእመቤትን በር አንኳኳች። እመቤት ዶሮ ሰጠች።

ዶሮ! ያን ቀን እህል አልወረደልኝም። ስሸሻት የኖርሁት ሴት አቅሜን በእርግጥም ማወቋ አንገበገበኝ።

ሰንብቶ የሚታረድ ጠፋ። አንበሳዋ ሳትበላ አደረች፣ ደገመች ተባለ። ፍየሌን በገመድ ይዤ በዋናው መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ቀስ ብዬ ሄድሁ። ዘሀቢያና ለይኩን የማቆያው በር ላይ ቆመዋል። ዘበኛው ጠብመንጃውን ይዞ አጠገባቸው አለ።

"አያ ፈንቴ፣ ይመልሷት። ወተትዎ ናት እኮ" አለች ዘሀቢያ።

"ጾም ነው፤ ወተት አልጠጣም።"

"ከፋሲካ በኋላስ?"

"ከፋሲካ በኋላ ለእኔ ታዋጫለሽ። ደግሞስ እኔን ምን ብለሽ ነው የምታልፊኝ? ሞቻለሁ?"

 ገመዱን ከእጄ ተቀብላ ባህሩን አስጠራችው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ጿሚው ተምሩን ይዞ አዛኑን ሲጠባበቅ፣ አንበሳዋ አገሳች። ከተማው እንዳለ ጸጥ አለ። እኛ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ አልተያየንም።

ድጋፉ ከፋሲካ በኋላ ደረሰ። የለጋሹ ስም ያለበት፣ ከበሩ የሚበልጥ ሰሌዳ ተተከለ። ዘሀቢያ ደግሞ ደጄን አንኳኳች።

"አያ ፈንቴ፣ ለአንድ ኩሩ ሽማግሌ ፍየል እያዋጣን ነው። የእርስዎ ድርሻ ገመድ ነው።"

ቤት የቀረኝን ገመድ ሰጠኋት። በማግስቱ አንዲት ፍየል ከነግልገሏ በዚያው ገመድ ታስራ መጣች። ይህን ጊዜ ጠየቅኋት።

"አንቺ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ዞረሻል። ከሁሉ የበለጠብሽ የቱ ነው? የአንበሳዋ መትረፍ?"

ግልገሏን ማሻሸት ያዘች።

"አንበሳዋማ ጠግባ እኔንም መናቅ ጀምራለች" አለች። "ለእኔ የበለጠው የእርስዎ ቁጣ ነው። ሰው ሲሸሸኝ ለምጃለሁ፣ ሲሰጠኝም ለምጃለሁ። ለምን አለፍሽኝ ብሎ የተጣላኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። ያን ለት ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። ይቺ ከተማ ገና ሰው አላት አልሁ።"