ፊታውራሪ አንጀት

በየመንደሩ የራሱን ሆድ ትቶ የጎረቤቱ ሆድ እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው መንደር የራሱን እንዴት እንደሚችለው እንጃ፤ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ላለችው መንደር የደረሷት ግን አያ ላቀው ነበሩ። ንጉሥ ያልሰጣቸውን ማዕረግ ሕዝቡ ሰጥቷቸው "ፊታውራሪ አንጀት" ይላቸዋል።

ፊታውራሪ "እንዴት አደርሽ" ማለት አያውቁም። ሰላምታቸው "ሆድሽ እንዴት አደረ? ወጣልሽ?" ነው፤ ያውም ከአጥር ማዶ፣ መንገደኛ እየሰማ። ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ሀብትነሽ ስንት ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት እንደተመኘች እሷ ታውቃለች። ዱቄት ስትነፋ ካዩማ ጉድ ፈላ። "ወንፊት ላይ የቀረውን ለዶሮ፣ ነጩን ለራስሽ? ዶሮዋ ካንቺ በለጠች!"

ጣልያን ነጭ ዱቄቱን ይዞ ቡሬ ከገባ ወዲህ ደግሞ ባሰባቸው። ሰው መድፉን ሲፈራ እሳቸው ዱቄቱን ፈሩ፤ "ሙጫ ነው፣ አንጀት ይለጥፋል" እያሉ ገበያ መካከል ይሰብካሉ። ሰርግ ተጠርተው ሙሽራዋን ከሥጋው ጎመኑን እንድታስቀድም መክረዋል። ለቅሶ ቤት ሟቹ ተልባ ቢጠጣ ኖሮ ይህ እንደማይደርስበት ለልጆቹ ነግረው በሰው ጉልበት ወጥተዋል። የማን ሆድ ስንት ቀን እንደደረቀ፣ የማን እንደሮጠ መንደሩ የሚያውቀው በእሳቸው አፍ ነው። ምስጢር የሚባል ነገር እሳቸው ዘንድ አያድርም።

በጥቅምት አንድ ማለዳ የሀብትነሽ ወንድም ቢሆነኝ ከጫካ ሾልኮ ቤቷ ገባ። አርበኛ ነው፤ ጥይት ግን አልመታውም። ወር ሙሉ ደረቅ ቆሎና ቋንጣ ሲቆረጥም፣ ውሃም እንደልቡ ሳያገኝ፣ ሆዱ ከደረቀ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። ላብ ያጠምቀዋል፣ ያቃስታል። የዚህን መላ የሚያውቁት አያ ላቀው ብቻ ናቸው፤ ለእሳቸው መንገር ደግሞ ጣልያን ግቢ ሄዶ ከመንገር አይለይም። ሀብትነሽ አለቀሰች፤ ከዚያም ሄደች።

"አያ ላቀው፣ ስለ እመቤታችን፣ አፍዎን..."

"ስንት ቀኑ ነው?" አሉ ሳያስጨርሷት።

"ስድስት።"

"ወይ ጉድ! ስድስት!" ፊታቸው በደስታ በራ።

ተልባ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በብዙ ውሃ በጥብጠው አመጡ። ቅቅል ጎመን፣ ያልተነፋ የገብስ ቂጣ፣ ውሃ በቅል በቅል አዘዙ። ሁለት ቀን ሙሉ እየተመላለሱ "ወጣ?" አሉ። በሦስተኛው ቀን ወጣ። ፊታውራሪ ወንድ ልጅ እንደተወለደለት አባት ሊጮኹ ሲሉ ሀብትነሽ አፋቸውን በነጠላዋ አፈነችው።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ እንዳለው የሚባል ለጣልያን ወሬ የሚያቀብል ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ጠበቃት።

"በርሽ ተዘግቶ ከረመ። ለአንድ ሴት ይኼ ሁሉ ቂጣና ጎመን ምንድን ነው? አሁን መጥቼ አየዋለሁ።"

ቢሆነኝ ገና ጓዳ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ፊታውራሪ ከሕዝቡ መካከል ብቅ አሉ፤ ሀብትነሽም አለቀልን ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

"ለሷ ነዋ!" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ስድስት ቀን ሆዷ ደርቆ እንደ ከበሮ ተነፍታ ነበር። ትናንት ወጣላት! እንዴት ያለ መሰለህ..." ብለው ብዛቱን፣ ቀለሙን፣ ድምፁን ሳይቀር ዘረዘሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ፤ ዲያቆኑ ሳቁን መያዝ አቃተው። "አሁን ደግሞ ኮሶ ትጠጣለች። ኮሶ የጠጣ ሰው ቤት እንግዳ እንደማይገባ ታውቃለህ። እምቢ ካልክ ግባ፣ ሽታውን ራስህ ትችለዋለህ።"

ወሬ አቀባዩ አፍንጫውን ይዞ ሄደ።

ቢሆነኝ ማምሻውን ስልቻ ሙሉ ተልባ ተሸክሞ ወደ ጫካው ተመለሰ። የመንደሩ መሳቂያ ሆና የቀረችው ሀብትነሽ ናት፤ ምንጭ ስትወርድ እንኳ ሴቶቹ "ወጣልሽ?" ይሏታል። አያ ላቀውን ባሰበቻቸው ቁጥር ማነቅም መሳምም ያምራታል።

ከሳምንት በኋላ ዱቄት ስትነፋ ያ ድምፅ ከአጥር ማዶ መጣ። "ሆድሽ እንዴት አደረ?"

መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቷል። ሀብትነሽ ወንፊቱን አስቀምጣ ቀና አለች።

"ደኅና አደረ፣ አያ ላቀው!" አለች ጮክ ብላ። "የእርስዎስ?"

በዕድሜያቸው ሙሉ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ወደ አጥሩ ተጠጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እንጃ ልጄ፤ አራት ቀኔ ነው። ለሰው እንዳትነግሪብኝ።"

ሀብትነሽ ተልባ ልትቆላ እሳት አነደደች።