የግሮቭ ሲቲው የእንግሊዝ ጠበቃ

ሀበሻ በሚሠራበት መጋዘን ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ ጠበቃ አይጠፋም። ፎርክሊፍት ይነዳል ወይም ሣጥን ይቆልላል። ፈቃድ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ በሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍም አላለፈ። ደንበኛ ግን ሞልቶታል። ብሬክ ሩም ውስጥ ከማይክሮዌቩ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ችሎቱ ናት። ምሳህን ልታሞቅ ከሄድክ ክስህን ሰምቶ፣ ፈርዶ፣ ይግባኝህንም ጽፎ ይመልስሃል፤ ምሳህ ግን እንደቀዘቀዘ ነው።

በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ያለው የግሮቭ ሲቲው መጋዘን ጠበቃ ክቡር ጋሽ ሰይፈሥላሴ ናቸው። ክቡርነታቸውን ከሌሎች የሙያ አጋሮቻቸው የሚለያቸው አንድ ነገር ነው፤ የሚያውቁት ሕግ የኦሃዮ አይደለም። የአሜሪካም አይደለም። ጋሽ ሰይፈሥላሴ እግራቸው ረግጦት የማያውቀውን የእንግሊዝን የሠራተኛ ሕግ፣ ያውም ባለፈው ሳምንት የተሻሻለውን ሳይቀር፣ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጡታል።

ነገሩ የጀመረው በ2020፣ ዓለም በሯን በዘጋችበት ወራት ነው። የእህታቸው ልጅ ሉሊት ሌስተር ከተማ ውስጥ የአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ሠራተኛ ናት። አንድ ቀን በስልክ፣ "ጋሼ፣ እዚህ እኮ ሠራተኛው ቤቱ ተቀምጦ መንግሥት ከደመወዙ ሰማንያ በመቶውን ይከፍልለታል" አለቻቸው። እሳቸው ያን ሰዓት አፋቸውን በማስክ ሸፍነው፣ መላው አሜሪካ ቤቱ ተቀምጦ ያዘዘውን የሽንት ቤት ወረቀት እየጫኑ ነበር። ከዚያ "ያንን ሕግ ላኪልኝ" አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ለእንግሊዝ የሰው ኃይል ባለሙያዎች ተብሎ በኢሜይል የሚላከው ሳምንታዊ የሕግ ዜና ግሮቭ ሲቲም አንድ አንባቢ አለው።

አንብበው ለራሳቸው ቢይዙት ምን ነበረበት! ከሥራ በኋላ በታክሲ አፕ ሰው የሚያመላልሰውን ሙሳን አንድ ቀን ይዘው፣ "አንተ ኮንትራክተር አይደለህም፤ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዳንተ ያሉ ሾፌሮች ሠራተኛ ናቸው ብሏል፣ የዓመት ፈቃድህን ጠይቅ" አሉት። ሙሳ የዋህ ነው፣ ጠየቀ። አፑ "ስለ አስተያየትህ እናመሰግናለን" ብሎ መለሰለት። ጋሽ ሰይፈሥላሴ መልሱን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ "አየህ፣ አልካዱም!" አሉ።

አጠገባቸው ሰው ካሳለ ደግሞ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደው ጣታቸውን ያነሣሉ። "በእንግሊዝ ከ2021 ሜይ ሠላሳ አንድ ጀምሮ ማንኛውም ሠራተኛ ከአስጊ ቦታ ቢሸሽ እንዳይበደል ተደንግጓል። ሕጉ ግልጽ ነው።" ይቺ "ሕጉ ግልጽ ነው" የምትባለው ከአፋቸው አትጠፋም። ሱፐርቫይዘሩ ሺፍት ቢቀይር ሕጉ ግልጽ ነው። የቡናው ማሽን ቢበላሽም ሕጉ ግልጽ ነው።

ሐምራዊት እኚህን ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ስትሸሻቸው ኖራለች። ማሸጊያ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ምሳዋን መኪናዋ ውስጥ ትበላለች። ከጋሽ ሰይፈሥላሴ ችሎት የኦሃዮ ብርድ ይሻላል የምትል ሴት ናት። ሙግት አትወድም። በዲቪ ከመጣች ጀምሮ የያዘችው መርሕ አንድ ብቻ ነው፤ አንገትን ደፍቶ መሥራት።

ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ጃንዋሪ 2022 ላይ የልጇ የቢታንያ የሕፃናት መዋያ በኮቪድ ምክንያት ተዘጋና ሐምራዊትም ልጇን ይዛ አራት ቀን ቤት እንድትቆይ ታዘዘች። በየማለዳው ከሥራ የሚቀር ሰው ወደሚያሳውቅበት መስመር ደውላ የሠራተኛ ቁጥሯን እየመታች አስመዘገበች። በአምስተኛው ቀን ሥራ ስትገባ ስልኳ ጮኸ። ኢሜይሉ ከሰው ኃይል ክፍሉ፣ ከኤችአር ነው። "ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ስለ አቴንዳንስሽ እንነጋገራለን" ይላል፤ ከሥሩ ሳታስታውቅ ቀርታለች ተብሎ ለእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሁለት የተያዘባት የቅጣት ፖይንት ተጽፏል። ስምንት። በዚያ መጋዘን ስምንት ፖይንት የሞላበት ሰው ባጁን አስረክቦ ይወጣል።

ባሏ አምሳሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱን የሚያየው በሦስት ሳምንት አንዴ ነው፣ የጤና ኢንሹራንስም የለውም። ኢንሹራንሱ ያለው በሷ ሥራ ነው። የቢታንያ አስም ደግሞ ክረምት ሲመጣ ይብሳል፤ ያቺ ትንፋሿን የምትከፍትላት ትንሽ ሰማያዊ ኢንሄለር የምትገኘው በኢንሹራንሱ ካርድ ነው። ሐምራዊት ማክሰኞና ረቡዕ እህል አልቀመሰችም። ወደ ኤችአር ክፍል ገብቶ ባጁን ይዞ የተመለሰ ሰው አይታ አታውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት፣ እግሯ ይምራት ፍርሃቷ ሳታውቀው፣ ማይክሮዌቩ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ በየቀኑ ኮል አድርጌያለሁ።"

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ኢሜይሉን ከስልኳ ላይ በመነጽራቸው ሥር አነበቡት። "ሕጉ ግልጽ ነው" አሉ።

"የየት አገር ሕግ?"

"የእንግሊዝ። በ1999 የወጣ። ለዲሲፕሊን ስብሰባ የተጠራ ሠራተኛ አንድ ሰው አስከትሎ የመግባት መብት አለው፤ የሥራ ባልደረባም ቢሆን ይበቃል።"

"ጋሼ፣ እዚህ ኦሃዮ ነው እኮ!"

"የኦሃዮ ሕግ እናቱ ማን ሆነችና? እንግሊዝ! ልጅ የእናቱን ደንብ ይንቃል?" ወደ እሷ ጠጋ አሉ። "ደግሞ ለእንግሊዝስ ማን አስተማራት? እኛ አገር ለእርቅ የሚሄድ፣ ልጅ ለጋብቻ ለመጠየቅ የሚሄድ፣ መቼ ብቻውን ሄዶ ያውቃል? ነገ አብሬሽ እገባለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። አብሮ የሚገባው ሰው በአንቺ ፈንታ ጥያቄ አይመልስም። ሕጉ ይከለክላል።"

"ታዲያ ምን ያደርጋል?"

"ይገኛል።"

ሐምራዊት ያን ዕለት ከፍርሃቷ ላይ ሌላ ፍርሃት ተጨምሮላት ወደ ቤቷ ሄደች። ሥራዋን ማጣትን ብቻ አይደለም፣ አሁን ደግሞ መዋረድን ፈራች። "ባልነገርኳቸው" እያለች ነዳች።

ሐሙስ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበር ነበር። በአንዱ ላይ የኤችአሯ ሄዘር ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣለች። ሐምራዊት በሌላው ተቀመጠች። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እጅ ነሥተው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ከኋላዋ ቆሙ። ሄዘር ይህ ስብሰባ የግል መሆኑን፣ ሰው ይዞ መግባት የሚባል ደንብ እንደሌለ በትሕትና አስረዳች። ጋሽ ሰይፈሥላሴ በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። አልወጡም።

"እንግዲያው ፕሊዝ፣ ሃቭ ኤ ሲት" ብላ ሄዘር ከጎረቤት ክፍል ወንበር አምጥታ አቀረበችላቸው።

"ኖ ሲት" አሉ ጋሽ ሰይፈሥላሴ። "ፊኒሽ ፈርስት። ዜን ሲት።"

ሐምራዊት በላብ ተጠመቀች። እሷ ገብቷታል፤ ሽማግሌ ለጉዳይ ሄዶ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። ሄዘር ግን ያየችው ተቀመጥ ሲባል እምቢ ብሎ ከሠራተኛዋ ኋላ የተገተረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዝም ያለ ሰው ነው። ፊቷ ነጣ። ዓይኗን ከሳቸው ላይ ሳታነሣ ስልኩን አንሥታ አንድ ቃል ተናገረች። ወዲያው የጥበቃው ሰው መጥቶ በሩን ሞልቶ ቆመ፤ እጁ ሬዲዮኑ ላይ ነው።

"አለቀልኝ" አለች ሐምራዊት በልቧ። ወደ ኋላ ዞራ በዓይኗ ለመነቻቸው። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ጣራውን ያያሉ። ኮፍያቸውን የያዘው እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ለሁለት ዓመት አፋቸውን እንጂ እጃቸውን አይታው አታውቅም ነበር። እሳቸውም ፈርተዋል! ይህን ስታይ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ድምፅ አገኘች።

በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ተናገረች። በአገራችን ትልቅ ሰው ስለ ሌላ ሰው ሊለምን ሲመጣ አይቀመጥም፤ ንቀት ሳይሆን አክብሮት ነው አለች። ሄዘር፣ "የሚለምነው ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች። ሐምራዊት መልሱን ከጋሽ ሰይፈሥላሴ ጠበቀች። ሕጉ ከልክሏቸዋል፤ ዝም። ስለዚህ ራሷ መለሰች።

"እንድትሰሚኝ።"

ከዚያ ስልኳን አውጥታ አራቱን ጥሪዎች ከነሰዓታቸው አሳየች። ሄዘር ቁጥሮቹን ከላፕቶፗ ጋር አስተያየች። እንደገና አስተያየች። መስመሩ ጥሪዎቹን ተቀብሏል፤ ወደ ፖይንቱ መዝገብ አላለፉም እንጂ። ጥበቃውን በእጇ ምልክት አሰናበተችና፣ "የአራቱም ቀን ፖይንት ይነሣልሻል፤ ይቅርታ" አለች።

በዚህን ጊዜ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ፣ "ቴንኪው" አሉ፣ ወዲያው ደግሞ ተነሥተው ወጡ።

ያን ሳምንት ችሎቱ ደመቀ። ሙሳ ራሱ ምስክር ሆነ፤ ያላየውን ሁሉ ተረከ። ሐምራዊትም መኪናዋን ትታ ብሬክ ሩም መብላት ጀመረች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን ጋሽ ሰይፈሥላሴ ጠረጴዛቸው ላይ አልነበሩም። ረቡዕም አልነበሩም። ሐምራዊት ዞራ ዞራ ከፎርክሊፍት ባትሪ ቻርጀሮቹ ኋላ አገኘቻቸው፤ ፎርክሊፍታቸው ላይ ተቀምጠው ቀዝቃዛ ምሳቸውን ይበላሉ። ስለ እንግሊዝ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ስትወተውታቸው ስልካቸውን ሰጧት። ባለፈው ሐሙስ ያለ ፈቃድ ፎርክሊፍት ጥለው ለአርባ ደቂቃ መጥፋታቸው ሁለት ፖይንት ሆኖ ተመዝግቧል። ወገባቸውን ታመው በቀሩ ጊዜ የተያዘባቸው ስድስት ነበር፤ አሁን ስምንት ሞላ። አርብ ተጠርተዋል።

ሐምራዊት ደሟ ቀዘቀዘ። "በእኔ ምክንያት ነው! ስድስት እንዳለብዎት ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ገቡ?"

ጋሽ ሰይፈሥላሴ የምሳ ዕቃቸውን ከደኑ። "እዚህ አገር በመጣሁ በዓመቴ፣ ሌላ መጋዘን ነው፣ እንዲህ ወዳለ ክፍል ጠሩኝ። ሴትዮዋ ፈገግ እያለች ወረቀት ሰጠችኝ። ምን እንደሚል አልገባኝም። ፈገግ ስላለች ፈረምኩ። ለካ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብዬ ነው የፈረምኩት። አጠገቤ አንድ ሰው ቢኖር፣ ኧረ ቆይ ቢለኝ..." የምሳ ዕቃውን ክዳን ደግመው ጫን አደረጉት። "ሉሊት ሰው አስከትሎ ስለመግባቱ ሕግ የነገረችኝ ዕለት አለቀስኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም። የሰለጠነ ሰው ተቀምጦ፣ ሰው ብቻውን እንዳይገባ ብሎ በሕግ ጻፈው!"

"ሕጉ ግን እዚህ..."

"እዚህ አይሠራም፤ አውቃለሁ ልጄ። ከመጀመሪያው አውቃለሁ። እዚህ በማንኛውም ቀን ሂድ ቢሉኝ እሄዳለሁ።" ፊታቸውን አዞሩ። "አርብ አንቺ እንዳትመጪ። ፖይንት ይይዙብሻል። የልጅቷን መድኃኒት አስቢ።"

ሐምራዊት አሰበች። ሐሙስን ሙሉ አሰበች። ፈራች፤ ከራሷ ቀን ይልቅ ፈራች። አርብ ማለዳ ሱፐርቫይዘሩ ዘንድ ሄዳ የግማሽ ቀን ፈቃድ በጽሑፍ ጠየቀች፣ ማስፈረሙንም አልረሳችም፤ የክቡርነታቸው ደንበኛ አይደለችም እንዴ?

የኤችአር በር ላይ ስትደርስ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ኮፍያቸውን ይዘው ቆመዋል። ሲያዩዋት ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ።

"ሕጉ ግልጽ ነው፣ ጋሼ" አለቻቸው፤ አንኳኳችም።

ሄዘር ከፈተች። አንዴ ጋሽ ሰይፈሥላሴን፣ አንዴ ሐምራዊትን አየች፤ ምንም ሳትል መንገድ ለቀቀች። ክፍሉ ውስጥ ዛሬ ሦስት ወንበር ተደርድሯል።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ተቀመጡ። ሄዘር ሦስተኛውን ወንበር ለሐምራዊት አመለከተቻት። ሐምራዊት ግን እጆቿን አጣጥፋ ከጋሽ ሰይፈሥላሴ ኋላ ቆመች።

"ተቀመጪ እንጂ ልጄ" አሏት በሹክሹክታ፣ እጅጌዋን ሳብ አድርገው። "መቆም ሕጉ ላይ የለም።"

ሐምራዊት ጣራውን አየች። አልተቀመጠችም።