ስድስቱ ታንታለሞችና ያልተሰማው ውሳኔ

ዕቃ በራሱ ጊዜ ሊበላሽ ይችላል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አምናለሁ። እንጀራዬም የተጋገረው በዚሁ እምነት ነው። በደርግ ዘመን ግን እንዲህ ብሎ ማመን ራሱ ያስጠይቅ ነበር። ቧንቧ ቢያንጠባጥብ፣ የወፍጮ ቀበቶ ቢበጠስ፣ ከጀርባው የግድ የአንድ ሰው እጅ አለበት። ያ ሰው ይፈለጋል። ካልተገኘ ደግሞ ቅርብ ያለው ይያዛል። ያን ሰሞን ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ፈንጠር ብዬ ሬዲዮ እጠግን ነበር። የአቦምሳ ገበሬም የቆቃ ዓሣ አስጋሪም ሬዲዮውን በነጠላ ጠቅልሎ ይመጣልኛል፤ ዜና ሳያመልጠው ሠርቼ እሸኘዋለሁ። አንድ ቀን ታዲያ የቀበሌያችን ድምፅ ማጉያ ስብሰባ መሐል ጭሶ ዝም አለና በሁለት ሰው ሸክም መጣልኝ። ስከፍተው ሕመሙ ወዲያው ታየኝ፤ ታንታለም የሚባለው ኮንደንሰር ነው። የሽንብራ ፍሬ የምታክል ቢጫ ነገር ናት፤ ሥራዋ ኤሌክትሪኩን አጠራቅማ ሳይንገጫገጭ ማሳለፍ ነው። አዲስ ሳለች ምን ይወጣላታል! ካረጀች በኋላ ግን አትታመንም። ሌላው ዕቃ ከመሞቱ በፊት ያጉረመርማል፣ ይንጫጫል፤ እሷ ግን ትንፍሽ ሳትል ቆይታ በድንገት ድው ትላለች። ሽታዋንማ አታንሡት።

ስለዚህ አንድ ደንብ ነበረኝ፤ አንዷ ከተቃጠለች አብረዋት ያረጁትንም አነሣለሁ። የሞተችውንና ደህና የሚመስሉትን አምስቱን ነቅዬ፣ በምትካቸው ጎላ ጎላ ያሉ የአሉሚኒየም ኮንደንሰሮች አስገባሁ። ማጉያው ሠራ። እኔም ተላላው፣ የነቀልኳቸውን በወረቀት ጠቅልዬ አብሬ መለስኩ።

«አንድ ተቃጠለ፣ ስድስት ተነቀለ!» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ወረቀቱን ፈትቶ። «አምስት ጤነኛ የሕዝብ ንብረት! ይህ አሻጥር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

ኮሚቴው ተሰበሰበ። የንብረት ክፍሉ ጓድ በቀለ፣ ውትድርና ላይ ሳለ ሬዲዮ ነካክቷልና፣ አምስቱን ወደ ቦታቸው እንዲመልስ ታዘዘ። እኔ ደግሞ እሑድ ጠዋት በሕዝብ ፊት ግለ ሂስ እንዳደርግ። ጥፋቴን ካመንኩ በምክር እታለፋለሁ፤ ካላመንኩ ሱቄም ይታሸጋል፣ እኔም ቀበሌው እስር ቤት እገባለሁ።

በቀለ አዝኖልኝ ሱቄ ድረስ መጣ። «ወንድሜ፣ አንዲት ቃል ናት። ‹አጥፍቻለሁ› በልና ቤትህ ግባ። እኔ ስንቴ ብያለሁ መሰለህ!»

«ያላጠፋሁትን?»

«ያላጠፋኸውን ነው እንጂ! ያጠፋውንማ ማን ደፍሮ ይናገራል?»

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ማይክሮፎኑ ፊት ስቆም ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁበትን ሙያ በገዛ አፌ ልክድ? እምቢ አልኩ።

«አላጠፋሁም!» አልኩ። «አምስቱም አርጅተዋል። ዛሬ ይሠራሉ፣ ነገን ማንም አያውቅም። ደግማችሁ ብትሰጡኝ ደግሜ እነቅላቸዋለሁ፤ ደንቤ ነው!»

ጉዱን እዩልኝ፤ እነዚያው የሰደብኳቸው፣ በቀለ መልሶ የበየዳቸው ታንታለሞች ድምፄን አንዲት ፊደል ሳያስቀሩ ጣሪያው ላይ በተሰቀለው ጡሩምባ ለመንገደኛው ሁሉ አደረሱልኝ። ሕዝቡ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ፈገግ ብሎ ማይክሮፎኑን ተቀበለኝ። «ጓዶች፣ ደህና እንደሚሠራ በጆሯችሁ ሰምታችኋል! ስለዚህ ኮሚቴው በዚህ ግለሰብ ላይ የወሰነው...»

መብራቱ ድርግም ብሎ ተመለሰ።

ድው!

ማጉያው ቢጫ ጭስ ተፋ። ሊቀመንበሩ ማንበቡን ቀጠለ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ በጫጫታው መሐል እኔ እንኳ አጠገቡ ቆሜ አልሰማሁትም። ዓይኑ ግን ወረቀቱን ለቆ በቀለ ላይ አረፈ።

በቀለ አመድ መስሎ እጁን አወጣ። «ጓዶች፣ ሂሴን እቀበላለሁ። የበየድኩት እኔ ነኝ፣ አጥፍ...»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። «ቁጭ በል!» ብዬ ጮህኩ፣ ያለ ማይክሮፎን። «አንተም አላጠፋህም! ብየዳህ ንጹሕ ነው፤ ያረጀው ዕቃው ነው!»

«ዱጋ! እውነቱን ነው!» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። ጭብጨባው ከዚያ ተነሣ፤ ሽታው ደግሞ ሁሉንም እያሳለ ወደ ደጅ አስወጣው።

የተወሰነብኝ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በማግስቱ ማጉያው በሁለት ሰው ሸክም ሱቄ መጣ፤ በአንድ ወገን የያዘው በቀለ፣ በሌላው ሊቀመንበሩ ራሱ።

ከፈትኩና አየሁት። «የተቃጠለው አንድ ነው» አልኩት። «ስንቱን ልንቀል?»

ሊቀመንበሩ መሬት መሬት እያየ፣ «እንደ ደንብህ» አለኝ።