ጋሼ ትወድቃለች

ሟርተኛ ጎረቤት የሌለው መንደር የለም። የእኛው ግን ሹመት ያለው ይመስላል። የመንደራችን የጭቃና የሳር ቤቶች በቅርስነት ስለተመዘገቡ ያለ ፈቃድ ሚስማር እንኳ አይመታባቸውም፤ እኛ ፈቃድ ስንጠብቅ ክቡርነታቸው እየዞሩ ያረዱናል። ስማቸው ከተረሳ ቆይቷል፤ ጋሼ ትወድቃለች ነው የምንላቸው።

ሰላምታ የላቸውም። ገብተው ምሰሶውን በከዘራ መታ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ለጥፈው ያዳምጣሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው "ትወድቃለች" ይላሉ። ለሙሽሮች ሳይቀር በሠርጋቸው ዕለት "ፍቅራችሁ ይጽና፤ ቤቷ ግን ትወድቃለች" ብለዋል። ፎቶ የሚያነሱ ጎብኚዎችንም ቶሎ ቶሎ አንሱ እያሉ ያጣድፏቸዋል። እስከ ዘንድሮ አንዲትም ቤት አልወደቀችም። ይህን ሲነግሯቸው "ቀን ቆርጫለሁ እንዴ?" ነው መልሳቸው። እናቴ አይኗ ሊያያቸው አይፈልግም ነበር።

ዘንድሮ የእኛ ምሰሶ ከሥሩ በሰበሰ። ፈቃድ ብንጠይቅ "ይታያል" ተባልን። አንድ ቀን ከጠዋት የጀመረው ዝናብ አላባራ ብሎ ክዳኑ ውሃ ጠጥቶ ከበደ። ምሰሶው ሲንቋቋ፣ አልጋው ላይ የጭቃ ፍርፋሪ ሲረግፍ፣ እናቴን ውጪ አልኳት። "የተዳርኩበት ቤት ነው፤ የትም አልሄድም" ብላ የአልጋውን ቋሚ ጨበጠች። እጇን ብጎትት፣ ብለምን፣ ብቆጣ ወይ ፍንክች።

ያኔ ጋሼ በዝናብ በስብሰው፣ ባላ ተሸክመው ገቡ። ባላውን ከተሸካሚው ግንድ ሥር ሊያቆሙት ቢሞክሩ ስንዝር ያህል አጠረ። ድንጋይ አምጣ አሉኝና ትከሻቸውን ከግንዱ ሥር አስገቡ። የደጃፉን ጠፍጣፋ ድንጋይ በጥፍሬ ጭሬ ሳነሳ ከውስጥ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

"አንተ ሰው፣ ይጨፈልቅሃል። ውጣ።"

"እርስዎ ሳይወጡማ አልወጣም፣ እትዬ።"

እናቴ ለእኔ ያልለቀቀችውን አልጋ ለሟርተኛው ለቀቀች። እየተሳደበች ወጣች። ድንጋዩን ከባላው ሥር ወሸቅን፤ ግንዱ አንዴ አቃስቶ ጸጥ አለ። ጋሼ ትከሻቸውን እያሹ ወጡና ግድግዳውን ዳበስ አድርገው፣ "ትወድቃለች" አሉ።

ዝናቡ ሲያባራ ላመሰግናቸው ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳቸው መሬት ላይ ተዘርግቷል። ለካ ያ ባላ የበረንዳቸው ምሰሶ ነበር። ስለ ሁላችንም ቤት ሲያሟርቱ ኖረው ስለዚያ በረንዳ አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም። እንዴት እንደወደድኳቸው።

ፈቃዱ አሁንም አልመጣም። ጋሼ ግን ቀርተው አያውቁም። እናቴ በየጠዋቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች፤ ሲዘገዩ ትጨነቃለች። ባላውን መታ መታ አድርገው፣ አዳምጠው፣ የተለመደችዋን ቃል ሲናገሩ ፊቷ ይፈታል።

"ትውደቅ" ትላቸዋለች፤ "መጀመሪያ ግን ቁርስህን ብላ።"