«በጣም ጥሩ ነው» ያመጣብኝ ጉድ

ጉዴን ስሙልኝማ! ዛሬ ማንም ሳይሰድበኝ፣ ማንም ሳይቆጣኝ፣ ሰው እየመረቀኝ ተዋረድኩ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ለምኛለሁ። ልደታ ግን መሬቱ ሁሉ ኮብልስቶን ነው፣ እሺ አይልም!

ከሥሩ ልንገራችሁ። የምሠራው ሰንጋ ተራ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ነው። የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀው ነገ ነው። ወይ ቋሚ እሆናለሁ፣ ወይ እማዬ ቤት ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እልጣለሁ።

ድርጅታችን እዚሁ ልደታ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ሠርቷል። አንድ ፋይል የት እንዳለ፣ ማን እንደወሰደው ኮምፒውተር ላይ የሚያሳይ። የኔ ድርሻ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኞች የሚማሩበትን ትምህርት ማዘጋጀት ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት አለቃዬ ማቲ ጠራኝና «ትምህርቱ ሳያልቅ ፎርማቲቭ ኢቫሉዌሽን እንሠራለን፣ ፕላኑን አንቺ አውጪ» አለኝ።

ስሙ አያስፈራችሁ! እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ወጡን ቀምሶ ጨው ማስተካከል ማለት ነው። ገና በጅምር ያለውን ትምህርት ለጥቂት ሰዎች እናስተምራለን፣ የት ጋ እንደሚደናቀፉ እናያለን፣ እናስተካክላለን። ከዚያ ለሁሉም ይቀርባል።

ማቲ ሦስት ነገር አስጠንቅቆኛል። «የማያውቁሽን ሰዎች ምረጪ። ሲሠሩ እያቸው እንጂ አታግዣቸው። ደግሞ ወደዳችሁት ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂ፤ ሥራ ስጫቸውና ይሥሩት።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ፕላኔን ብታዩት! አስራ አንድ ገጽ! ሰንጠረዡ በሦስት ቀለም! ሽፋኑ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ሰዎቹን ስመርጥ ግን አራዳነቴ መጣብኝ። እትዬ አስካለ እዚያው መዝገብ ቤት ነው የሚሠሩት። ጌጃ ሰፈር ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ናቸው፤ ንፍጤን ጠርገው ነው ያሳደጉኝ። እሳቸው ደግሞ ባልደረባቸውን ጋሽ ታምሩን አመጡልኝ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ክራቫት ከአንገታቸው የማይለይ ሰው ናቸው።

የማያውቁኝ ሰዎች? ኧረ ተዉኝ፣ ማን ዞሮ ይፈልጋል!

ማክሰኞ ሙከራው ተደረገ። መሀላቸው ተቀምጬ አስተማርኩ። በየደቂቃው «ገባዎት?» እላለሁ። «ገባኝ የኔ ልጅ!» ይላሉ እትዬ አስካለ። ጋሽ ታምሩ ማውሱን ይዘው ግራ ሲገባቸው ጣቴን ልኬ ጠቅ አደርግላቸዋለሁ። «አየሽ፣ ቀላል ነው እኮ!» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። የሠራሁት እኔ ነኛ!

መጨረሻ ላይ ፎርም አስሞላኋቸው። ትምህርቱ ግልጽ ነው? «እጅግ በጣም።» ምን ይሻሻል? «ምንም።» ተጨማሪ አስተያየት? እትዬ አስካለ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «የወለደሽ ማህፀን ይባረክ።»

ይሄንን ሪፖርት ውስጥ አስገባሁት። ቀልዴን አይደለም! በአረንጓዴ ቀለም!

ዛሬ ጠዋት ሪፖርት የማቀርብበት ቀን ነበር። መዝገብ ቤቱ ውስጥ፣ በመደርደሪያዎቹ መሀል፣ ማቲ አለ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አሉ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ አሉ። ድምፄን ብትሰሙት ዜና የማነብ ነው የሚመስለው።

ማቲ ፎርሞቹን አገላበጠ። ማህፀኑ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

«ጥሩ» አለ። «እስቲ አሁን ያለ አንቺ እንያቸው። አንቺ በሩ ጋ ሂጂና እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ።»

ኃላፊዋ የአንድ ባለጉዳይ ስም ተናገሩ። እትዬ አስካለና ጋሽ ታምሩ ፋይሉ ያለበትን ቦታ በሶፍትዌሩ ፈልገው ማግኘት አለባቸው። በቃ፣ ይሄው ነው። ማክሰኞ ያስተማርኩት ነው!

እትዬ አስካለ ስክሪኑን አዩት። እኔን አዩኝ። ተመልሰው ስክሪኑን አዩት። ማውሱን እንደታመመ ጫጩት ቀስ አድርገው ያዙት።



እግዚኦ! ጣቴ ኪሴ ውስጥ ብቻውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል።

ይሄኔ ጋሽ ታምሩ ተነሱ። ክራቫታቸውን አስተካከሉ፣ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ከሦስተኛው መደርደሪያ አንድ ፋይል መዘዙ፣ አቧራውን እፍ አሉና ኃላፊዋ ፊት አስቀመጡት።

«ይኸው፣ ተገኘ» አሉ።

አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀባቸውም! ኃላፊዋ ሊያጨበጭቡ ምንም አልቀራቸውም። የኛ ሶፍትዌር ገና ባዶ የመፈለጊያ ሳጥኑን ገትሮ እየጠበቀ ነው።

ማቲ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ታዲያ ማክሰኞ ግልጽ ነው ብላችሁ ፎርም ሞልታችሁ የለ?» አላቸው።

እትዬ አስካለ ሊያድኑኝ ብድግ አሉ። ምነው ባልተነሱ!

«ልጄ፣ ምን እናድርግ? እናቷ ‹ልጄ ሙከራ ላይ ናት፣ ካልተሳካላት መባረሯ ነው› ብላ እያለቀሰች ነገረችኝ። እኔም ታምሩን ‹አደራ፣ የጠየቀችህን ሁሉ በጣም ጥሩ ነው በላት› አልኩት። እሱም ሰው ነው፣ እሺ አለኝ። በዓይናችን ያደገች ልጅ እኮ ናት! እንጀራዋን እንዝጋባት?»

የክፍሉ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የእማዬ እንባ ሳይቀር የስብሰባው አካል ሆነ!

ጋሽ ታምሩ ደግሞ በእርጋታ ጨመሩበት። «እንዳይከፋሽ ልጄ። ያቺን የመፈለጊያ ሳጥን ዛሬ ገና ነው ያየኋት። ማክሰኞ እጅሽ ከልሏት ነበር።»

እጄ። ከልሏት።

አፈርኩ፣ የምሬን ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሥራቸውን ጥለው መጥተው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ያልገባቸው ነገር ፊት ተቀምጠው፣ እኔ እንዳይከፋኝ ብለው አንገታቸውን ሲነቀንቁ ነበር። እኔ ደግሞ ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወንበር ስቤ ጋሽ ታምሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እጄን ጭኔ ሥር ደበቅኩት። «ጋሼ፣ ያንን ፋይል እንዴት አገኙት?» አልኳቸው።

ነገሩኝ። መጀመሪያ ፋይሉ የተከፈተበትን ዓመት ያስባሉ፣ ዓመቱ መደርደሪያውን ይነግራቸዋል፣ ከዚያ በባለጉዳዩ አባት ስም ይለያሉ። የኔ ትምህርት የሚጀምረው ከፓስወርድ አቀያየር ነው። መደርደሪያ የሚል ቃል አንዴም የለበትም!

«ከምናውቀው ብትጀምሪልን ሌላውን እንከተልሽ ነበር» አሉኝ። «በዚያ ላይ ጽሑፉ ደቃቃ ነው፣ በመነጽርም አይታየኝ።»

እትዬ አስካለም ይሄኔ ደፈሩ። «ትፈጥኛለሽ ደግሞ! ከልጅነትሽ ጀምሮ ወሬሽ አይጨበጥም።»

እጄን አውጥቼ ያሉኝን ሁሉ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። አስራ አንድ ገጽ ፕላን ያላመጣልኝን፣ እጄን መሰብሰቤ አመጣልኝ።

ስንወጣ ማቲ ደረጃው ላይ አቆመኝ።

«የሙከራ ጊዜሽ በአንድ ወር ተራዝሟል» አለኝ። «አንቺም እንደ ትምህርትሽ ገና አላለቅሽም። የት ጋ እንደምትደናቀፊ አየን፣ እናስተካክላለን።»

ገባችሁ አይደል? እኔ ራሴ ፎርማቲቭ ኢቫሉዌሽን ላይ ነኝ! አልተባረርኩም፣ አልተቀጠርኩም። ጨዌ እየተቀመሰ ነው።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ግድግዳ እንጋራለን አላልኳችሁም? እማዬ ግን ስለ ሥራ አንድም ቃል አልተናገረችም። ምስር ወጥ አቀረበችልኝ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፣ ገና አንድ ጉርሻ ሳልውጥ «እንዴት ነው?» አለችኝ።

ጨው ሁለቴ ነው የገባበት። ተጨንቃ ስትጨምር፣ ረስታ ደግማ ስትጨምር እንደነበር ያስታውቃል።

«በጣም ጥሩ ነው» አልኳት።

አያችሁኝ? ምንም አልተማርኩም! በሉ፣ ቢያንስ እናንተ አግዙኝ። እስከዚህ ያነበባችሁ፣ የት ጋ እንደሰለቻችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። «አሪፍ ነው የኔ ቆንጆ» ያለኝን ሰው ብሎክ አደርገዋለሁ፣ እትዬ አስካለም ቢሆኑ!